ስምንት ቁልፍ በአንድ ሽቦ

በቴሌቪዥን ጌም የሚጫወት ሕፃን ቀረብ ብለው ተመልክተው ያውቃሉ? ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲያዘልለው ላየ ሰው፣ አዛዡ ልጁ፣ ታዛዡ መሣሪያው ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጠያቂው መሣሪያው ነው። በየሰከንዱ 60 ጊዜ ያህል «የተጫነ አለ ወይ?» እያለ ጆይስቲኩን ይጠይቀዋል። ጆይስቲኩም የሚመልሰው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ጠያቂ ከሌለው ልጁ ጣቱ እስኪዝል ቁልፉን ቢደቁሰው አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ይህን ልብ ብዬ የተመለከትሁት ዲክሲስ ውስጥ፣ አንደበቷ ከተያዘው ከእናቴ አልጋ አጠገብ ነው። ታሪኩ ትንሽ ረዘም ስለሚል ከሥሩ ልጀምርልዎ።

ዲክሲስ በአርሲ ደጋ ላይ ያለች፣ ስንዴና ገብስ የከበባት፣ ማታ ማታ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ናት። ታላቅ እኅቴ በ2002 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ለእናታችን ትታ፣ ከዚያች ከተማ ተነሥታ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄደች። ሁለት ዓመት ቆይታ ወደ አገር በምትመለስ ጎረቤት እጅ አንድ ካርቶን ላከችልን። ለእናቴ ሻሽ፣ ለልጇ ቀሚስ፣ ከሥር ደግሞ ሁለት ጆይስቲክ ያለው የቴሌቪዥን ጌም ነበር።

ጌሙ ላይ ላዩን ሲያዩት ፕሌይስቴሽን ነው፤ አንጀቱ ግን ሌላ። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 «ፋሚኮም» የሚባል፣ ማሳዩኪ ኡኤሙራ በተባለ መሐንዲስ መሪነት የተሠራ መጫወቻ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ያ መጫወቻ በ1985 «ኤን.ኢ.ኤስ.» ተብሎ አሜሪካ ገባ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ እየተቀዳ፣ ስሙንና ልብሱን እየለዋወጠ ዓለምን ዞረ። ሩሲያዎች ከ1992 ጀምሮ «ዴንዲ» በሚል ስም አወቁት። በእኛም አገር ብዙ ልጅ ሱፐር ማሪዮን የተዋወቀው በእንዲህ ያለው ቅጂ ነው። ከጅዳ የመጣልን እንግዳ እንግዲህ የፕሌይስቴሽን ካባ የደረበ የ1983ቱ ፋሚኮም መሆኑ ነው።

*

በዚያ ዘመን እኅቴ የምትደውለው በወር አንድ ጊዜ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ የአባቴ ሞባይል ብቻ ሲሆን፣ እኛ ደግሞ ስምንት ነን። የእሷ ካርድ ሳያልቅ ሁላችንም መድረስ አለብን። ስለዚህ ተራ ነበረን፤ እናቴ፣ አባቴ፣ ሦስት ወንድማማች፣ ሁለት እኅትማማች፣ በመጨረሻም ሕፃኗ። ተራው ስለማይዛነፍ እኅቴ «ማን ነህ?» ብላ ጊዜ አታባክንም። አራተኛው ድምፅ የማን እንደ ሆነ ታውቀዋለች። «ቀጥሉ» ስትል ስልኩ ወደሚቀጥለው እጅ ይሻገራል። ደህና የሆነ ሁሉ «ደህና ነኝ» ይላል። በተራው ዝም ያለ ሰው ከተገኘ ግን አንድ ነገር አለ ማለት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሽታው የጸናበት ሰሞን ስልኩን ተቀብሎ ቃል ሳይተነፍስ ቆመ። እኅቴ በዚያ ማዶ ያለቀሰችው ያልተናገረውን ሰምታ ነው። ስምንታችንም ዝም ካልን ደግሞ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነውና ዘግታ እንደገና ትደውላለች።

ጆይስቲኩ የሚሠራው ልክ እንደዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የጥንቱ የኒንቴንዶ ጆይስቲክ ስምንት ቁልፍ አለው። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ ቢዘረጋለት ገመዱ እንደ ቧንቧ ይወፍር ነበር። መሐንዲሶቹ ግን በውስጡ 4021 የሚል ቁጥር ያላት አንዲት ቺፕ አስቀመጡና በአምስት ሽቦ ተገላገሉ። ሁለቱ የኤሌክትሪክ ናቸው። ሦስተኛው «ያዝ» የሚባልበት ነው፤ ትእዛዙ ሲደርስ ቺፗ በዚያች ቅጽበት የስምንቱንም ቁልፍ ሁኔታ እንደ ፎቶግራፍ ታስቀራለች። አራተኛው «ቀጥል» የሚባልበት ነው። በአምስተኛው መልስ ይመጣል። ተራው ኤ፣ ቢ፣ ሴሌክት፣ ስታርት፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ ሲሆን፣ ከቶ አይለወጥም። መሣሪያው በስም ጠርቶ አይጠይቅም፤ ስንተኛ እንደ ሆነ ይቆጥራል እንጂ። የሚያስገርመው ደግሞ ያልተነካ ቁልፍ 5 ቮልት ሲልክ፣ የተጫነው ቁልፍ ዜሮ መላኩ ነው። ያልተነካው «ደህና ነኝ» ይላል፤ የተነካው ዝም ይላል።

ስምንቱ መልስ ተለቅሞ የሚያልቀው ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ እጅግ ባነሰ ጊዜ ነው። ፍጥነቱን በአርሲ ሚዛን እንመዝነው ካልን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ 27:18.20 ለ27:18.29። እኛ በደስታ ጣራ የነካንባት ያቺ ቅንጣት ጊዜ፣ ጌሙ ጆይስቲኩን አምስት ጊዜ ጠይቆ አምስት ጊዜ መልስ ለመቀበል ትበቃዋለች።

*

እኅቴ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ጋር አገሯ ገባች። ጌሙ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። ሁለቱ ጆይስቲኮች ግን ከቁም ሳጥን ሥር፣ ከአሮጌ ጫማ ጋር ቀሩ።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ ንግግሯም ተያዘ። አሰላ ያዩዋት ሐኪም፣ የሚነገራትን በአብዛኛው እንደምትረዳ ገለጹልን። «አጭር አጭር ጥያቄ ጠይቋት፤ በራሷ ንቅናቄ አዎ ወይም አይደለም ትበላችሁ፤ ጊዜ ስጧት» አሉን። ምክሩ ጥሩ ነበር። ለመጠየቅ ግን ጠያቂው አጠገቧ መኖር አለበት። ሌሊትስ? ሰው ሁሉ ከብት ሊያስገባ፣ ቡና ሊያፈላ ሲወጣስ? እናቴ ዘዴ ፈጠረች። ከአልጋዋ ጎን ያለውን የቆርቆሮ ኩባያ በግራ እጇ ገፍታ ትጥለዋለች፤ ድምፁን የሰማ ይሮጣል። አንዳንድ ሌሊት ግን ኩባያው ምንጣፍ ላይ ይወድቃል፤ ማንም አይሰማም።

የእኅቴ ልጅ፣ ያቺ በስልክ ሰልፍ ስምንተኛ የነበረችው ሕፃን፣ ያን ጊዜ የዐሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ሆናለች። አንድ ቀን ደወለችልኝና «ኤሱማ፣ አርዱይኖ ገዝተህ አምጣልኝ» አለችኝ። ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። አርዱይኖውን የፊዚክስ መምህሯ አሳይተዋት ኖሯል። ከአዲስ አበባ ገዝቼ ወሰድሁላት።

አርዱይኖ ከመዳፍ የማትበልጥ ሰሌዳ ናት። በላይዋ ያለችው ማይክሮኮንትሮለር ስክሪንም ቁልፍም የሌላት፣ የተጻፈላትን አንድ ሥራ ብቻ እየደጋገመች የምትሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢቭሬያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተማሪዎች በርካሽ እንዲማሩባት ተብላ ተሠራች። ስሟን ያገኘችው እዚያው ከነበረ ቡና ቤት ሲሆን፣ ቡና ቤቱ ደግሞ የተሰየመው ከ1002 እስከ 1014 የጣሊያን ንጉሥ በነበረው በአርዱይን ነው። ንድፏ ለማንም ክፍት ስለሆነ ማንም ቀድቶ ሊሠራት ይችላል። በብዛት በምትሸጠው ሰሌዳ ላይ ያለው የሥራ ማኅደረ ትውስታ 2 ኪሎባይት ነው። የፋሚኮምም እንዲሁ 2 ኪሎባይት ነበር! ፍጥነቷ ግን ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ የሞተውን ጌም ወንበር ብትረከብ ወንበሩ አይሰፋትም።

ኢቭሬያ ለእኛም ባዕድ አይደለችም። በ1908 በዚያች ከተማ የተመሠረተው ኦሊቬቲ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሠርቶ ቢሮዎቻችንን ለብዙ ዓመት ያንኳኳ ኩባንያ ነው። የጽሕፈት መኪናን ወደ አማርኛ በመመለስ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸውም ጣጣ ከጆይስቲኩ ጣጣ ጋር ዘመድ ነበር፤ ከ200 የሚበልጥ ፊደል ይዞ በጥቂት ቁልፍ መግባት። መፍትሔው ፊደሉን ገላና ቅጥያ አድርጎ፣ በየተራ እየመቱ አንድ ማድረግ ነበር። ብዙው በጥቂቱ በር እንዲያልፍ ተራ መጠበቅ አለበት።

*

ጆይስቲክን ለታመመ ሰው ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። ኒንቴንዶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 እጃቸው ለማይታዘዝላቸው ልጆች በደረት ላይ የሚታሰር፣ በአገጭ የሚገፋ፣ በአፍ ትንፋሽ በመሳብና በመንፋት የሚታዘዝ መቆጣጠሪያ አውጥቶ ነበር። ማይክሮሶፍትም በ2018 አካል ጉዳተኞች እንደየአቅማቸው የሚያስተካክሉት መቆጣጠሪያ አቅርቧል። ዲክሲስ ላይ ግን የነበረው ከጫማ ጋር የተቀመጠው ጆይስቲክ ነው።

ሥራው የተጀመረው በከተማው አንጋፋ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ነበር። የጆይስቲኩ መሰኪያ ዘጠኝ ቀዳዳ አለው፤ አርዱይኖ ላይ እንዲህ ያለ መሰኪያ የለም። ሽማግሌው መቁረጫቸውን አነሡና «ገመዱን እንቁረጠውና ሽቦውን በቀጥታ እንበይደው» አሉ። ልጅቷ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ ይህን እናቴ የሰው ቤት ወልውላ ነው የገዛችው። አይቆረጥም።»

መቁረጫው ተመለሰ። ከዘጠኙ ቀዳዳ ሥራ ያላቸው አምስቱ ብቻ ስለሆኑ፣ ቀጫጭን ሽቦ በቀዳዳዎቹ ሰክተው ለመጠቀም ተስማሙ። ግን የትኛው የትኛው ነው? የቅጂ ዕቃ የሽቦ ቀለም አይታመንም፤ በአንዱ ቀይ የሆነው በሌላው ሰማያዊ ነው። ብሎኖቹን ፈትተው ሲከፍቱት 4021 የሚል ቺፕ አልነበረበትም። በቦታው እንደ ሬንጅ የጠቆረች ጠብታ ተለጥፋለች። ቺፗ በዚያች ጠብታ ሥር ተቀብራለች።

«በእኛ ጊዜ ዕቃ ስሙን ግንባሩ ላይ ጽፎ ነበር የሚመጣው» አሉ ሽማግሌው፤ «የዛሬው ፊቱን ይሸፍናል።»

ቢሆንም አልተሸነፉም። የሁሉም ቁልፎች አንደኛው ጎን በአንድ መስመር ይገናኛል፤ ቴስተሩን በዚያ ላይ አድርገው ዘጠኙን ቀዳዳ ሲነካኩ «ጢ» ያለው የመሬቱ ሽቦ ሆነ። የቀሩትን አራቱን ልጅቷ መስመሩን በደብተሯ እየሣለች፣ ሽማግሌው አደጋ እንዳይደርስ መሐል ላይ ሬዚስተር እያስገቡ፣ አንድ በአንድ ለዩአቸው። አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀባቸው። ከዚያ እሷ በኮምፒዩተር ጥቂት መስመር ጻፈች። ትርጉሙ ቢነገር «ያዝ በል፤ መልሱን አንብብ፤ ቀጥል በል፤ ስምንት ጊዜ ድገም» ከማለት አይዘልም። የቀኙን ቁልፍ ስትጫን ስክሪኑ ላይ «ሚርጋ» የሚል ቃል ብቅ አለ፤ ቀኝ ማለት ነው። ግራውን ስትጫን «ቢታ»። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እሳቸውም በተራቸው ተጫኑ። አርባ ዓመት ሬዲዮ ሲጠግኑ አንድም ዕቃ በእናታቸው ቋንቋ መልሶላቸው አያውቅም ነበር።

ሁሉ ነገር ያለቀ ሲመስል ግን ሽማግሌው አንድ ጥያቄ አመጡ። «ገመዱ ሌሊት ቢላቀቅስ?»

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ የመልሱን ሽቦ በሬዚስተር አማካይነት ወደ 5 ቮልት ማሰር የተለመደ ነው። እንደዚያ ከሆነ ገመዱ ሲላቀቅ ሰሌዳዋ የምታነበው 5 ቮልት፣ ማለትም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» የሚል ስምንት መልስ ይሆናል። ለጨዋታ ይህ ችግር የለውም። ለታመመ ሰው ግን የተበጠሰ ገመድ «ደህና ነኝ» ማለቱ መቅሠፍት ነው። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ሬዚስተሩን ገለበጠችው። በ10 ሺህ ኦም ወደ ዜሮ አሰረችው። አሁን ገመዱ ሲላቀቅ ስምንቱም መልስ ዜሮ ይሆናል። ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ባንድ ጊዜ ሊጫኑ ስለማይችሉ፣ ሰሌዳዋ የሰው ጣት አለመሆኑን አውቃ ሌላ ዓይነት ጩኸት ታሰማለች። እኅቴ በዚያን ዘመን በስልክ የምታደርገውን ማለት ነው። አንዱ ዝም ሲል ታለቅሳለች፤ ሁሉም ዝም ሲሉ ዘግታ እንደገና ትደውላለች።

ኃይል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። በመጀመሪያ የተሞከረው የስልክ ፓወር ባንክ ነው። ሰሌዳዋ የምትጠጣው ኃይል በጣም ትንሽ በመሆኑ፣ ፓወር ባንኩ የተሰካ ነገር ያለ አልመስለው እያለ በየደቂቃው ራሱን ያጠፋል። ሽማግሌው 12 ቮልት የሆነ የሞተር ሳይክል ባትሪ ከሱቃቸው አውጥተው ሰጡ። መብራት ኖረ አልኖረ ነገሩ አበቃ።

*

በኩሽናው ግድግዳ ላይ አራት ትንንሽ አምፖልና አንድ ደወል ያለባት የእንጨት ሰሌዳ ተሰቀለች። በየአምፖሉ ሥር የተጻፈው ቃል «ቢሻን» (ውሃ)፣ «ኛታ» (ምግብ)፣ «ቆራ» (ብርድ) እና «ኮቱ» (ነይ) ይላል። ሦስቱ በመስቀሉ ቁልፍ ክንፎች ይታዘዛሉ። መስቀሉን ጉንፔ ዮኮይ የተባለ የኒንቴንዶ ሰው እ.ኤ.አ. በ1982 በኪስ ለሚያዝ ጌም የፈጠረው ነው። ዓይን ሳያይ አውራ ጣት እንዲያውቀው ሆኖ ስለተቀረጸ ለእናቴ ግራ እጅ ተስማማ። «ኮቱ» የተሰጠው ለስታርት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቴ አልፎ አልፎ ውሃውን፣ ብርዱን ትጫን ነበር። እያደር ግን ሦስቱ ቁልፎች ተረሱ። የምትጫነው ስታርትን ብቻ ሆነ። ደወሉ ይጮኻል፤ የሰማ ይሮጣል። «ውሃ ነው?» ራሷን ትነቀንቃለች፤ አይደለም። «በረደሽ?» አይደለም። «አመመሽ?» አይደለም። ከዚያ የመጣውን ሰው እጅ በግራ እጇ ትይዛለች፤ ትንሽ ይቆያሉ፤ ትለቀዋለች።

ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ተሰላችቶ ነበር። «ምንም ሳትፈልግ እኮ ነው የምትጠራን» አለ፣ አንድ ሌሊት ሦስተኛ ጊዜ ተነሥቶ ሲመለስ። እኅቴ እሳት ዳር ተቀምጣ ነበር። ቀና ሳትል፣ «እኔስ ከዚያ አገር በየወሩ ስደውል የምናገረው ኖሮኝ ነበር እንዴ?» አለችው። ወንድሜ መልስ አልሰጠም። ከዚያ ቀን በኋላ ሲያማርር የሰማው የለም።

እናቴ ዛሬም ዲክሲስ ናት። ጥቂት ቃል ተመልሶላታል፤ ብዙው አልተመለሰም። ባለፈው የሄድሁ ጊዜ ልጅቷ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ፈታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታው ነበር፤ የመጀመሪያው ቁልፍ ሥር ያለው ጎማ እያለቀ ስለሆነ መለዋወጫ ታዘጋጃለች። የኩሽናውን ሰሌዳ አየሁት። ከአራቱ አምፖሎች ሦስቱን ነቅላ ለትምህርት ቤት ሥራ ወስዳቸዋለች። አንዱ ቀርቷል፤ ከሥሩ «ኮቱ» ይላል።